ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት አራት

ቁርስ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ የእህቷ ባል ግን የጠየቀው ስልኩን ነው። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እንደነከረ በሌላ እጁ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከአውቶቡስ ሞተር ጋር ሲፎካከር በኖረ ድምፁ፣ «የጡረታ የሕይወት ማረጋገጫ የት ነው የሚሰጠው? ምን ይዤ ልሂድ?» አለው። ስልኩ በለስላሳ የሴት ድምፅ መለሰ። «የሕይወት ማረጋገጫ የሚሰጠው በጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት አራት ነው። መታወቂያ፣ የጡረታ ደብተርና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይያዙ። ከሦስት ሰዓት በፊት ቢደርሱ ይመረጣል። ሲጠብቁ ግድግዳው ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ፤ የመሀሉ አግዳሚ አንድ እግሩ ስለማይታመን ሦስተኛው ሰው ሲነሳ ሁለቱን ይጥላል።»

የእህቷ ባል ስልኩን ልጁ ከትምህርት ቤት አንደኛ ወጥቶ እንደመጣለት አባት አየው። «ሰማሽ?» አለ ለሚስቱ። «የአግዳሚውን እግር ሳይቀር ያውቃል እኮ!» ሚስቱም «ጉድ ነው» አለች። ሦስተኛዋ ሰው ዳቦዋ ላይ ማርማላታ መቀባቷን ቀጠለች። የሚስቱ ታናሽ እህት ናት፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚቆሙ ጥበቃዎች «ባለደብተሯ» ይሏታል፤ ስሙ ቤትም ገብቶ እዚያው ቀርቷል። የአግዳሚውን እግር ነገር የጻፈችው እሷ ናት። የጻፈችውም ወድቃ ነው።

ባለደብተሯ «የትኛው መስኮት» የሚባል ድረ ገጽ አላት። ድረ ገጹ ውስጥ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በዚህ ከተማ የሚኖር ሰው አንድ ወረቀት ለማውጣት የት ሄዶ፣ ስንተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ ማንን፣ ምን ይዞ፣ በስንት ሰዓት ማነጋገር እንዳለበት። የልደት ወረቀት፣ የቤት ስም ማዛወሪያ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የውኃ ቆጣሪ። ሁለት መቶ ሰባት ገጽ አለው። አንዱንም ቤት ቁጭ ብላ አልጻፈችውም። ትሄዳለች፣ ከተሰለፈው ጋር ትሰለፋለች፣ ከሁሉ በፊት የጽዳት ሠራተኞቹን ትጠይቃለች፤ የጽዳት ሠራተኛ የማታውቀው ቢሮ የለም፣ ኃላፊዎች ግን አንዳንዴ የራሳቸውንም ይስታሉ። ድሮ ሰው የኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ ጥያቄውን ሲጽፍ የሷ ገጽ ከላይ ይመጣለታል፤ ይጫናል፣ ይገባል፣ ያነባል፣ ዳር ላይ ያለችውን የፎቶ ቤት ማስታወቂያ ያያል። በዚህ ኑሮ ይገፋ ነበር። ከዓመት ከምናምን ወዲህ ግን መፈለጊያው ራሱ መናገር ጀመረ። ሰው ይጠይቃል፣ ማሽኑ እዚያው ይመልሳል፣ ሰውየው «እሺ» ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል። በቀን ስድስት ሺህ የነበረው ጎብኚ ሁለት ሺህ ሆነ፣ አምስት መቶ ሆነ፣ ባለፈው ማክሰኞ ዘጠና አራት ሆነ። ከዘጠና አራቱም የሚበዙት ሰዎች ሳይሆኑ ጽሑፉን ሊለቅሙ የሚመጡ ማሽኖች ናቸው። ታማኝ አንባቢዎች ናቸው፤ አንድ ገጽ አይዘሉም፣ አንድም ቀን እግዜር ይስጥልን ብለው አያውቁም። ፎቶ ቤቶቹ ማስታወቂያቸውን አንድ በአንድ አወረዱ። የመሄጃ ገንዘብ ሲያጥራት እሷም መሄድ ተወች፤ ገጾቹን ከነካቻቸው ዓመት አልፏቸዋል።

ስለዚህ የተናገረችው ይህንን ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ መረጃ እኮ የቆየ ሊሆን ይችላል።»

«እንዴት ይቆያል?» አለ የእህቷ ባል። «አሁን አይደል እንዴ የነገረኝ!»

እህቷ ሻይ ደገመችላቸው። ከዚያ ማንንም ሳታይ፣ የባሏ የአጎት ልጅ ትናንትም ደውሎ እንደነበር ተናገረች። የአጎቱ ልጅ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ገንዘብ ተቀባይዋ አግብታ ስለሄደች ከሰኞ ጀምሮ የሚቀመጥለት ሰው ይፈልጋል፤ ቁርጡን እስከ ዛሬ ማታ ንገሩኝ ብሏል። ባለደብተሯ «እደውልለታለሁ» አለች። እህቷ ከቤት ውጪልኝ ብላት አታውቅም፤ ሥራ ፈልጊም ብላት አታውቅም። ብቻ ከጥቂት ወራት ወዲህ፣ ያጠበችውን ልብስ አጣጥፋ የእህቷ ኮምፒውተር ያለበት ጠረጴዛ ላይ ትከምር ጀመር። መጀመሪያ ፎጣ ነበር፤ አሁን ብርድ ልብስ ደርሷል። ባለደብተሯም ቃል ሳይወጣት ብርድ ልብሱን ወደ አልጋው ታዛውርና ትቀመጣለች። በነጋታው ተመልሶ ታገኘዋለች።

«ጉልበቱ ደህና አይደለም፤ ደረጃ ላይ አብረሽው ብትሆኚ» አለች እህቷ። «ዛሬ ካልቀረበ ጡረታው ይታገዳል። እንደ ሞተ ይቆጠራል ብለዋል።»

«እንደ ሞተ ከተቆጠርኩ አንቺ ምን አገባሽ? ጥቁር ለብሰሽ ትቀመጫለሽ» አለ ባሏ። ቀልድ ነበር፤ ግን ደብተሩንና መታወቂያውን በፕላስቲክ ከረጢት ሲጠቀልል እጁ ፈጥኖ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጦ መንገዱን በሙሉ አነዳዱን ሲታዘብ ሄደ። ማርሽ ሲገባ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ፍሬን ሲያዝ እሱም እግሩን ወለሉ ላይ ይረግጣል። ባለደብተሯ አጠገቡ ነበረች። አራት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ እህቷ ደም ግፊት ተነጋግረዋል። ሥራዋ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቋት «ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ» ብላዋለች፤ ከዚያ በኋላ ለጠየቀው ሁሉ «የባንክ ነገር ነው» ይላል።

የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ደረጃ አርባ ሁለት ነው። ባለደብተሯ እንደ ድሮው በልቧ ቆጠረችው፤ የእህቷ ባል በየአሥሩ ቆሞ የሕንፃውን ጣሪያ የሚያደንቅ መሰለ። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የጥጉንና የዳሩን አግዳሚ ሞልተው፣ ሁሉም ወደ መስኮት አራት ፊታቸውን አዙረው፣ ልክ ፊልም እንደሚጀምርላቸው ሰዎች ተቀምጠው ነበር። መስኮት አራት ተዘግቷል። ከመስታወቱ ኋላ እግራቸው ወደ ላይ የተገለበጡ ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ከወንበሮቹ ላይ ደግሞ የተሰበረ የግድግዳ ሰዓት ተጋድሟል። ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ በጭኖቿ መሀል የያዘች አሮጊት ቦታ ለቀቀችላቸው።

«አልተከፈተም እንዴ?» አለ የእህቷ ባል።

«ገና ነው» አለች ባለጃንጥላዋ። «እኔ ከትናንት ጀምሮ እየመጣሁ ነው። ስልኩ ግን እዚሁ ነው ይላል።» ስልኳን አሳየችው። ጎኗ ያለው ሽማግሌም የራሱን አሳየ። አንድ ዓይነት ነበር። ሁሉም ስልክ የአግዳሚውን እግር ያነሳል፤ በዚህም ምክንያት ማንም የመሀሉ አግዳሚ ላይ አልተቀመጠም። አግዳሚው ግን ተጠግኖ ነበር፤ አራት አዲስ የብረት እግር ተበይዶለታል። አሥራ አንድ ሰው ባዶ አግዳሚ አጠገቡ እያለ ጥግ ላይ ተጣቦ ጉልበቱን ያሻል።

ባለደብተሯ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች። ጥበቃው ያው የድሮው ነው። «ባለደብተሯ!» አለ ከወንበሩ እየተነሳ። «ጠፋሽ እኮ። እኔስ ሞተሽ መስሎኝ ነበር።»

«አልሞትኩም።»

«እንኳን አልሞትሽ። ግን እዚህ ቤት በአፍ ብቻ አይታመንም» ብሎ ራሱ ሳቀ። ከዚያ ነገራት፤ የጡረታ ክፍሉ ከዚህ ከወጣ ስድስት ወሩ ነው፤ ከገበያው ማዶ ወዳለው አዲሱ ሕንፃ ሄዷል። በየቀኑ ከአሥር እስከ ሃያ ሰው መስኮት አራት ፊት ይቀመጣል። «ተነሱ፣ እዚህ አይደለም እላቸዋለሁ። ስልካቸውን ያሳዩኛል። እኔ እዚህ አሥራ ስምንት ዓመት ቆሜ አይታመነኝም፣ እዚህ ደርሶ የማያውቅ ስልክ ይታመናል።»

«ለምን ወረቀት አትለጥፉም?»

«ኃላፊው ሳይፈርምበት ወረቀት አይለጠፍም።»

«ኃላፊው ለምን አይፈርምም?»

ጥበቃው ጣሪያውን አየ። «ሦስተኛ ፎቅ ነው» አለ።

ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ የእህቷ ባል ሳትጠራው ተከተላት፤ ይቀመጡ ብትለው «እዚያ ተቀምጬ ወንበር ከማይ» አለ። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና ሦስት ማኅተም ያለው፣ ትሑት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነበር። ታች ስለተቀመጡት ሰዎች ሲሰማ አንገቱን በሐዘን ነቀነቀ፤ የሚያውቀው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። «እርስዎ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነዎት?» አላት።

«ከየትም አይደለሁም። ‹የትኛው መስኮት› የሚባል ድረ ገጽ አለኝ።»

የሰውየው አንገት መነቅነቁን አቆመ። መሳቢያውን ሳበና ጫፉ በማጣበቂያ ሽቦ የተያዘ ወረቀት አወጣ። የሷ ገጽ ነበር፤ ታትሞ፣ «መስኮት አራት» የሚለው ቃል ሥር በቀይ ተሠምሮበት። «እርስዎ ነዎት!» አለ። «ስድስት ወር ሙሉ ሰው ወደ ባዶ መስኮት የሚልኩብን!»

ቅሬታው የበላይ አካል ዘንድ ደርሶ እንደነበር አስረዳት። የበላይ አካል፣ ይህን ያለው ማነው ብሎ ጠየቀ። መጀመሪያ ስልኩ ነው ተባለ፤ ስልክ ደግሞ ተጠርቶ የማይመጣ ነገር ነው። በኋላ የኮምፒውተር ባለሙያቸው ሲመረምር ከመልሱ ግርጌ አንዲት ትንሽ ቁጥር አገኘ፤ ቁጥሯን ሲጫናት ምንጩ ወጣ። ምንጩም እሷ ነች።

«ተጫናት?» አለች ባለደብተሯ።

«ምኑን?»

«ቁጥሯን።»

«ተጫናት እንጂ! ባይጫናት በምን እናገኝዎት ነበር?»

ባለደብተሯ ያቺን ቁጥር የሚጫን ሰው መኖሩን ከሰማች ብዙ ጊዜዋ ነው። ቤቷን ሰው ረግጦት የማያውቅ ሴት፣ የመጣው ፖሊስ እንኳ ቢሆን ግቡ ለማለት እንደሚዳዳት ዓይነት ስሜት ተሰማት። ከዚያ ኃላፊው በጠረጴዛው ላይ ሌላ ወረቀት ወደሷ ገፋ። «ያሰራጨሁትን ሐሰተኛ መረጃ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ላስተካክል፣ ወደፊትም ላልደግም ቃል ገብቻለሁ» ይላል። የሚፈረምበት ቦታ በነጠብጣብ ተሰምሯል። ሐሰተኛ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስትጽፈው እውነት ነበር። መስኮት አራት ፊት ሦስት ቀን ተመላልሳ፣ ወድቃ፣ ክርኗ ተልጦ ነው የጻፈችው። ግን ታች አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ የተቀመጡትም በሷ ቃል ነው። ንዴቱና እፍረቱ አንድ ላይ ስለመጡ የትኛውን ማስቀደም እንዳለባት አላወቀችም፤ እስክርቢቶውን ብቻ አነሳች።

ከኋላዋ የእህቷ ባል ጉሮሮውን ጠረገ። «የአግዳሚውን እግር ነገር» አለ። «አንቺ ነሽ እንዴ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ ጠዋት ስልኩ ያለው ያንቺን ነው?»

«አዎ።»

«እና አጠገቤ ተቀምጠሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስልኩን ነበር እኮ የጠየቁት።»

የእህቷ ባል ሁለት እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ጌታዬ» አለ ለኃላፊው፣ «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ፌርማታ ሲቀየር ታፔላ የሚተክለው ተሳፋሪው አይደለም።»

«አባት፣ ይሄ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።»

«እኔስ በምን ጉዳይ መጣሁ? መሞትና አለመሞቴን ልነግራችሁ አይደል እንዴ!»

ኃላፊው ፈገግ ሊል ነበር፤ ማኅተሞቹን አየና ተወው። ባለደብተሯ እስክርቢቶውን አስቀምጣ አስተካክለዋለሁ አለች፤ ግን ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ይንገሯት፤ ስንተኛ ፎቅ፣ ስንተኛ መስኮት፣ ምን ተይዞ። ኃላፊው ስልኩን አንስቶ ወደ አዲሱ ሕንፃ ደወለ። ጠራ። ሦስቱም ሲጠራ ሰሙት። መልሶ ዘጋና፣ «ሄደው ቢጠይቁ ይሻላል» አለ። የሚለጠፍ ማስታወቂያውስ ስትለው፣ ማስታወቂያ ደብዳቤ እንደሚያስፈልገው፣ ደብዳቤ ቁጥር እንደሚያስፈልገው፣ ቁጥር የምትሰጠው ሠራተኛ ደግሞ የዓመት ዕረፍት ላይ እንደሆነች በትሕትና ገለጸ። እሷም ወረቀቱ ላይ «ሐሰተኛ» የሚለውን በአንድ መስመር ሠርዛ «የቆየ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ሰውየው ያየው በኋላ ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ተመልሳ ለተቀመጡት ሰዎች ነገሩን ብታስረዳ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። አንዱ ሽማግሌ «ስልኩ ግን…» ሲል የእህቷ ባል ኮሪደሩ መሀል ቆመና ከሆዱ አውጥቶ ጮኸ። «የዚህ መስመር አገልግሎት እዚህ ላይ አብቅቷል! ሁላችሁም ዕቃችሁን ሳትረሱ ውረዱ!» አሥራ አንዱም ተነሡ። ባለጃንጥላዋ እንዲያውም ትኬት የምትፈልግ ይመስል ቦርሳዋን ዳሰሰች።

አሥራ ሦስት ሆነው በገበያው መሀል አለፉ። ቲማቲም፣ የስልክ ሽፋን፣ ካልሲ፣ ሦስት ኪሎ በመቶ የሚሸጥ ድንች። የእህቷ ባል አስፋልቱ መሀል ገብቶ እጁን ዘርግቶ መኪናውን ሁሉ አቆመላቸው፤ አንድ ሹፌር ሲሳደብ «አንተም ታረጃለህ!» አለው። አዲሱ ሕንፃ መስታወት በመስታወት ነው። ወረፋ ቁጥር የሚሰጠው ማሽን ወረቀት ስለጨረሰ ቁጥሩን በእጅ ጽፎ የሚሰጠው በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ነው፤ ካልተጠየቀ ግን አይሰጥም። ባለደብተሯ ደብተሯን አወጣች። ምድር ቤት፣ መስኮት ዘጠኝ። ጉርድ ፎቶ ቀርቷል፤ እዚያው በካሜራ ያነሳሉ። ቅጹ የሚሞላው በሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው፤ የሚሰጡት እስክርቢቶ ግን ጥቁር ነው። ሁሉንም ጻፈች። ከዓመት በኋላ እጇ ሲጽፍ መጀመሪያ ደነዘዛት፤ ቀስ እያለ ፈታ።

የእህቷ ባል ተራው ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ መታወቂያውን አየች፣ እሱን አየች፣ እጇን ዘረጋች። «ያለፈው ዓመት ማረጋገጫ።»

«እኔ ራሴ መጥቻለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«ዘንድሮ መኖርዎን አየሁ። አምና መኖርዎን ነው ያላየሁት።»

«አምና ባልኖር ዘንድሮ ከየት መጣሁ?»

ልጅቷ ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ ኮምፒውተሩን ወደሱ አዞረችለት። ባዶ ሳጥን አለ፤ የአምናው ቁጥር ካልገባበት ወደሚቀጥለው አያልፍም። ከአሥራ ሁለቱ የአምናውን የያዘችው ባለጃንጥላዋ ብቻ ነበረች፤ እሷም የያዘችው ወረቀት ስለማትጥል ነው። የቀሩት ቤታቸውም ያላቸው አይመስልም ነበር። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል። አንዱ ሽማግሌ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። የእህቷ ባል ከመስኮቱ ዞር ብሎ፣ ጠዋት በስልኩ እንደኮራው ሳይሆን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲህ ምን ይሻላል?» አለ። ከባለደብተሯ በቀር ሌላ ሰው እያየ አልነበረም።

እሷ መጥረጊያ ይዛ በደረጃው ሥር የምታልፈውን ሴት እየተከተለች ነበር። ሴትዮዋ መጀመሪያ ምንም አላውቅም አለች። ከዚያ ባለደብተሯ የዚህ ሕንፃ ወለል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወለወል ጠየቀቻት። ያንን ጥያቄ ሰው ጠይቋት ስለማያውቅ ሴትዮዋ መጥረጊያውን አቁማ ሁሉንም ነገረቻት፤ የወለሉንም፣ የደመወዙንም፣ ከአሮጌው ሕንፃ የመጡት ፋይሎች ሁሉ ከመሬት በታች ባለው መጋዘን እንደተከመሩም። መጋዘኑ ውስጥ አንድ የመዝገብ ሠራተኛ አለ፤ አንድ ጆሮው ስለማይሰማ በሩ በደንብ መመታት አለበት። ተመታ። ሰውየው በሩን ሲከፍት ከስድስት ወር ወዲህ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች እያየ መሆኑ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። የጡረታ ቁጥራቸውን የነገሩትን ሁሉ ፋይላቸውን በአምስት በአምስት ደቂቃ እያወጣ፣ የአምናውን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ ሰጠ። መብራቱ ደካማ ስለነበር ባለደብተሯ በስልኳ ብርሃን አበራችለት። በዚያ ቀን ስልኳ የሠራው ትልቁ ሥራ ይኸው ነበር።

የመጨረሻው ማኅተም ሲመታ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የእህቷ ባል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ስሙ፣ የትውልድ ዘመኑ፣ «በሕይወት ያለ ለመሆኑ» የሚለው። «ይኸው ኖርኩ» አለ። የፕላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ ከተተውና ከረጢቱን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየመረቁ ወጡ። ባለጃንጥላዋ ግን ባለደብተሯ አጠገብ አረፍ አለች።

«ልጄ፣ እዚህ ነው የምትሠሪው?»

«አይ፣ እማማ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ነገረሽ?»

«ጠይቄ ነዋ።»

«እኔም ጠይቄ ነበር እኮ» አለች አሮጊቷ፣ ስልኳን እያየች። «ጥሩ አድርጎም መልሶልኝ ነበር።» ጃንጥላዋን ተመርኩዛ ተነሣችና ሄደች።

ባለደብተሯ እዚያው አግዳሚ ላይ ሆና ከደብተሯ ወደ ስልኳ ገለበጠችው። ምድር ቤት፣ መስኮት ዘጠኝ። ቁጥር ከጥበቃው ጠይቁ። ሰማያዊ እስክርቢቶ ከቤት ያዙ። የአምናው ወረቀት ከጠፋባችሁ ወደ ታች ውረዱ፣ በሩን በደንብ ምቱት፣ ሰውየውን በቀኝ ጆሮው በኩል አነጋግሩት፣ ደግ ሰው ነው። የእህቷ ባል በትከሻዋ አሻግሮ እያንዳንዱን መስመር ያነባል፤ «የደረጃው መያዣ ይወዛወዛል በያቸው» አላት፤ እሱንም ጨመረችው። ከዚያ ድረ ገጹ ላይ አወጣችው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የጎብኚዎች መቁጠሪያው ከዜሮ ወደ አንድ ተለወጠ።

«ሰው ገባ!» አለ የእህቷ ባል።

«ሰው አይደለም» አለች። «ማሽኑ ነው። ሊወስደው መጥቶ ነው።»

«ወሰደው?»

«ወሰደው። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ለጠየቀው ሁሉ ይናገረዋል።»

«ያንቺ ነው ብሎ?»

«ቁጥሯን የሚጫናት ካገኘ።»

ወደ ቤት በሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ ለጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ባለቤት ደወለች። ሰኞ በሁለት ሰዓት እንደምትመጣ፣ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽኑን ባታውቀውም ቶሎ እንደምትለምድ፣ አዎ፣ ቅዳሜም እስከ ማታ መሥራት እንደምትችል ነገረችው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋች። የእህቷ ባል ሁሉንም ሰምቷል። ሹፌሩ ማርሹን ሲያንጓጓው እንኳ ፊቱን አላጨማደደም።

«እና መስኮቶቹስ?» አለ ከሦስት ፌርማታ በኋላ።

«ምን ይሆናሉ፤ ባሉበት ይቀመጣሉ።»

«ሲቀየሩስ?»

ትከሻዋን ሰበቀች። ሁለት መቶ ስድስት ገጽ ይቀራል፤ ሁሉም የአምና ነው። ከሱቅ ወጥታ ልትደርስባቸው አትችልም፤ መሥሪያ ቤትና ሱቅ በአንድ ሰዓት ይከፈታሉ፣ በአንድ ሰዓት ይዘጋሉ። ይህን ሁሉ አላለችም፤ «እሱን እንጃ፣ ጋሼ» ብቻ አለች።

«አንቺ ሰኞ ሱቅ ነሽ» አለ። «እኔ ሰኞ ምንም ነኝ። ማክሰኞም ምንም ነኝ። እህትሽ መስታወት ጥረግ፣ ሽንኩርት ላጥ ስትለኝ ነው የምውለው። አውቶቡስ ደግሞ ለኔ ነጻ ነው፤ የትም ድረስ።»

«በዚህ ጉልበትዎ?»

«ጉልበቴን ዛሬ አላየሽውም? ስንት ፎቅ ወጣ!» ከዚያ ወደ ውጭ አየ። አውቶቡሱ በውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ግራጫ ሕንፃ አጠገብ እየተሳበ ነበር። በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን እያዩ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይላሉ።

«ይሄኛውስ? የቆጣሪ ስም ማዛወሪያው የት ነው ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«አንደኛ ፎቅ፣ መስኮት ሁለት።»

«መቼ?»

«አምና፤ ከዝናቡ በፊት።»

ሰዓቱን አየ። አሥር ሰዓት ከአምስት ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚዘጋው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። መዳፉን ዘረጋላት። ባለደብተሯ መዳፉን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ከዚያ ደብተሩን ከነእስክርቢቶው ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። እስክርቢቶውን ጆሮው ላይ ሰካ፣ የወንበሩን ብረት ጨብጦ ተነሣ፣ እሷም ተከትላው ተነሣች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሎች ሰዎች ከጀርባው ሲጮኹት የኖረውን ቃል፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከኋላ ወንበር ወደ ሹፌሩ እሱ ጮኸው።

«ወራጅ አለ!»